ከቀሃ እስከ መገጭ አፍ፦ የሰሜን ጣና ዳርቻ የጉዞ ማስታወሻ

ከጎንደር ተነስቶ ጣናን ሊያይ የሚወርድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጎርጎራ ይደርሳል፣ ደብረ ሲና ማርያምን ይሳለማል፣ በጀልባ አንድ ዙር ይዞርና ወደ ከተማው ይመለሳል። ክፉ ጉዞ አይደለም። ጥብቅ የተባለው ሐይቅ ከምን እንደሚጠበቅ ግን በዚህ መንገድ አይገባም። የጣና ዓሣ ሁሉ ዓመቱን ሙሉ ጣና ውስጥ አይኖርም፤ ዳርቻውን የሚጎዳውም ነገር አብዛኛው የሚነሳው ከዳርቻው አይደለም። ስለዚህ ይህ ጉዞ የሚጀምረው ጎንደር ከተማ ውስጥ ከቀሃ ወንዝ ነው። ውሃውን ተከትሎ በመገጭ ወደ ደንቢያ ሜዳ ይወርዳል፣ ከጎርጎራ በጀልባ ይወጣል፣ ከዚያም ዞሮ በምሥራቁ ዳር ፎገራ ላይ ያበቃል።

ምርጡ ጊዜ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ ነው። ሐይቁ ክረምቱን ጠጥቶ ሞልቷል፣ እምቦጭ የተባለው ተንሳፋፊ አረም በንፋስ ተገፍቶ ዳር ላይ ተከምሯል፣ ከሰሜኑ የዓለም ክፍል የሚመጡት ወፎችም መግባት ጀምረዋል። የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም፦ እስከ ጉልበት የሚደርስ የፕላስቲክ ቦት ጫማ፣ ወፍራም የጎማ ጓንት፣ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር፣ የብረት ማስመሪያ፣ አጎበር፣ ሁለት ጆንያ። የመንገዱን ጸጥታ ደግሞ ከመነሳት በፊት በነበረው ምሽት፣ በዚያው ዕለት ከመጡ ሾፌሮች መጠየቅ ነው፤ የሳምንት ወሬ አይበቃም።

የመጀመሪያው ቀን፦ ጎንደር

ጎንደር የተቀመጠችው በቀሃና በአንገረብ ወንዞች መካከል ነው። ሁለቱ ከከተማዋ በታች ተገናኝተው ወደ መገጭ ይገባሉ፤ መገጭ ደግሞ ጣና ይገባል። ለጥምቀት የፋሲል መዋኛ የሚሞላበት የቀሃ ውሃና በማግስቱ ቦይ ውስጥ የሚጣለው የውሃ ፕላስቲክ መድረሻቸው አንድ ነው።

ጠዋቱን በአንገረብ ግድብ መጀመር ይሻላል። ግድቡ የተሠራው ለከተማዋ የመጠጥ ውሃ ነበር፤ ከላይ ካለው ተዳፋት እርሻ የሚወርደው ደለል ግን የመያዝ አቅሙን ክፉኛ ቀንሶታል። ወደ ግድቡ በሚገቡት ቦዮች ዳር ስትሄዱ እርከን የተሠራበትና ያልተሠራበት ማሳ ልዩነቱ በዓይን ይለያል፦ እርከን ከሌለበት የሚወጣው ቦይ ጫፉ ላይ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ቀይ ጭቃ ያስቀምጣል። ግድቡ ያላስቀረው ጭቃ ከሰዓት በኋላ ሌላ ቦታ ይገኛል።

ከሰዓት በኋላ ወደ አዘዞ ወርዶ የመገጭን አልጋ ማየት ነው። ከጣና ነጭ ዓሣ ዝርያዎች መካከል ቢያንስ ሰባቱ ለመራባት ከሐይቁ ወጥተው እንደ መገጭ፣ ድርማ፣ ርብ፣ ጉማራና አርኖ ጋርኖ ያሉ ወንዞችን ይወጣሉ። በሐምሌ በወንዞቹ አፍ ይሰበሰባሉ፤ በነሐሴና በመስከረም ወደ ላይ ወጥተው፣ ውሃው በጠራና በፈጠነበት፣ ጥልቀት በሌለው የጠጠር አልጋ ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ጥሩ አልጋ እንዲህ ይለያል፦ ጠጠሩ ከጣት ጥፍር እስከ ዶሮ እንቁላል ይተልቃል፣ አንዱን ድንጋይ ስታነሱት ከሥሩ ጭቃ ሳይሆን ንጹሕ ውሃ ይወጣል፣ ፈሳሹም ድምፅ አለው። እንቁላሉ በጠጠሮቹ መካከል ገብቶ የሚተነፍሰው በዚያ በሚያልፈው ውሃ ነው። ደለል ሲሞላበት ይታፈናል፤ ጠጠሩ በገልባጭ መኪና ለግንባታ ሲጫን ደግሞ የሚያርፍበት አልጋ ራሱ የለም። ጠጠር ይውጣ ከተባለ ቢያንስ ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ፣ ውሃው ከሚሄድበት ዋና መስመር ርቆ፣ ገባር ወንዞቹ ሳይነኩ መሆን አለበት። አሁን የሚታየው ግን መኪና በቀለለው በኩል እየገባ የሚጭነው ነው፤ የቀለለው ደግሞ ዓሣውም የሚመርጠው ጥልቀት የሌለው ቦታ ነው።

ሁለተኛው ቀን፦ ከአዘዞ በቆላድባ ወደ ጎርጎራ

ከጎንደር እስከ ጎርጎራ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ትንሽ ነው። መንገዱ አዘዞ ላይ ከባሕር ዳሩ ተገንጥሎ በቆላድባና በጯሂት ይወርዳል። የደንቢያ ሜዳ መረሬ አፈር ስለሆነ ከዋናው መንገድ ወደ ሐይቁ የሚያስገቡት የገጠር መንገዶች ዝናብ በጣለ ማግስት ለመኪና አይሆኑም።

ደንቢያ የወባ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 እዚህ የተነሳው ወረርሽኝ ሺዎችን ገድሏል፤ በዓመቱ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር። የኮሌጁ ወራሽ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው። አጎበር የተባለው ለወግ አይደለም።

ከጯሂት ወዲህ ባሕር ሸሽ የሚባለውን እርሻ ለማየት ቆም ማለት ይገባል። ሐይቁ ከኅዳር ጀምሮ ወደ ኋላ ሲሸሽ ገበሬው እየተከተለ ያርሳል፤ እርጥበቱ ያለ ዝናብ ሽምብራና ጓያ ያደርሳል። ጥንት የነበረ አሠራር ነው፣ ጥፋትም አልነበረበትም። ችግሩ የመጣው እርሻው የሸሸውን ውሃ መከተል ትቶ ደንገሉን እያቃጠለ ወደ ፊት መቅደም ሲጀምር ነው። ደንገል ከወንዝ የመጣ ጭቃን ያስቀራል፣ ማዳበሪያ የተቀላቀለበትን ውሃ ያጣራል፣ ቆሮሶ ለተባለው ዓሣ ጫጩቶች መደበቂያ ይሆናል። ታንኳ የሚሠራውም ከእርሱ ነው። በወቅቱ ከግንዱ በላይ የታጨደ ደንገል መልሶ ይበቅላል፤ ተቃጥሎ ሥሩ የታረሰበት ግን አይመለስም። በቦታው ሣር፣ ከሣሩም በኋላ እምቦጭ ይገባል።

ጎርጎራ ሲደረስ ቀኑ ካልመሸ የሱስንዮስ ዘመን ፍርስራሽ አለ፣ ደብረ ሲናም አለች፤ ስለ እነርሱ የሚያስረዳ ሰው አይጠፋም። እዚህ የሚያስፈልገው የክልሉን አከፋፈል ማወቅ ነው። ዩኔስኮ ጣናን እ.ኤ.አ. በሰኔ 2015 በባዮስፌር ሪዘርቭነት ሲመዘግብ የታጠረው ወደ 700 ሺህ ሄክታር የሚጠጋ ሲሆን ሐይቁን ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን ያሉ ወረዳዎችንም ይይዛል። በውስጡ ሦስት ቀጣና አለ፦ ምንም የማይነካበት ዋና ቀጣና፣ ቀላል ሥራ የሚፈቀድበት መከለያ፣ ሰው የሚኖርበትና የሚያርስበት የሽግግር ቀጣና። የባሕር ፓርኮችም አሠራራቸው ከዚህ አይርቅም። ኬንያ በሕንድ ውቅያኖስ ዳር እ.ኤ.አ. በ1968 ማሊንዲና ዋታሙን ስትከልል፣ ፓርክ ባለችው ውስጥ ዓሣ ማጥመድን ጨርሶ ከለከለች፤ በዙሪያው ባለው ሪዘርቭ ግን የአካባቢው ሰው በባህላዊ መሣሪያ እንዲያጠምድ ተወች። እዚያ አንዱን ከሌላው የሚለይ ምልክት ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ጣና ላይ ግን ድንበሩ ካርታ ላይ እንጂ ውሃው ላይ የለም። ጀልባ ነጂው የማያየውን ድንበር አያከብርም ማለት ስድብ አይሆንም።

ሦስተኛው ቀን፦ በጀልባ ወደ መገጭ አፍ

ከጎርጎራ የሚነሳ ጀልባ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ሳያልፍ መውጣት አለበት። ጣና በጣም ሰፊ ሐይቅ ነው፤ ጥልቀቱ ግን በአማካይ 9 ሜትር ገደማ፣ የመጨረሻው ጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ በትንሽ ንፋስ ቶሎ ይናወጣል፤ ከ6 ሰዓት በኋላ የሚነሳው ማዕበል አጭርና ተደጋጋሚ በመሆኑ ትንሽ ጀልባን ያስቸግራል። ከነጂው ጋር ዋጋ ስትነጋገሩ ነዳጁ በማን እንደሆነና ስንት ሰዓት እንደሚቆም አብራችሁ ተነጋገሩ፤ የሕይወት ጃኬቱንም በቁጥር ቆጥራችሁ እንጂ «አለ» በሚለው ቃል አትውጡ። ነዳጅ የሚቀዳው በማንቆርቆሪያ፣ ዳር ላይ እንጂ ሐይቁ መካከል መሆን የለበትም።

ማንዳባ መድኃኔዓለም በመንገድ ላይ ነው፤ ለሴቶች አይፈቀድም። ከገዳማቱ ዙሪያ ያለውን ዛፍ በመነጽር ተመልከቱት፦ ሐይቁ ዳር ተፈጥሯዊ ደን በብዛት የተረፈው ገዳም ያለበት ቦታ ነው። ያለ ዘበኛና ያለ ካርታ የቆየ ዋና ቀጣና ቢባል ያስኬዳል።

ጉማሬ ሲታይ ሞተሩን ዝቅ አድርጎ ከ50 ሜትር ባላነሰ ርቀት መቆም ነው። ከርቀቱ በላይ የሚያስፈልገው አቅጣጫው ነው፤ በጉማሬውና በጥልቁ ውሃ መካከል የገባ ጀልባ ማምለጫውን እንደዘጋበት ይቆጠራል። ወደ ደንገል ሲቀረቡ ሞተሩ ጠፍቶ በመቅዘፊያ ይገባል። መልሕቅ ደንገል ላይ አይጣልም።

የውሃውን ጥራት ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቆርቆሮ አራት ቦታ ተከፍሎ ጥቁርና ነጭ ይቀባል፣ ከሥሩ ድንጋይ ይታሰራል፣ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ የተቋጠረ ገመድ ይገባለታል። ከጀልባው ጥላ በኩል እያወረዱ ከዓይን የሚጠፋበትን፣ እየሳቡ መልሶ የሚታይበትን ቋጠሮ ቆጥሮ አማካዩን መመዝገብ ነው። የሚሳሳተው በሦስት ምክንያት ነው፦ የፀሐይ መነጽር ማድረግ፣ ጀልባው እየተንሳፈፈ ገመዱ መጋደሉ፣ ማዕበል። አንዱ ልኬት ከጎርጎራ ፊት ለፊት ገባ ብሎ፣ ሌላው መገጭ አፍ ላይ ይወሰድ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከአንገረብ በላይ የታየው ቀይ ጭቃ ነው።

እምቦጭ ጣና ላይ መኖሩ በይፋ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. መግቢያ ሲሆን መጀመሪያ የታየውም እዚሁ መገጭ አፍ አካባቢ ነው። የሰሜን ምሥራቁ ዳር የሚመቸው በሦስት ነገር ነው፤ ወንዞቹ ማዳበሪያና ደለል ያመጡለታል፣ ንፋሱ ወደዚያ ይገፋዋል፣ ውሃው ጥልቀት የለውም። ቅጠሉን የተሸከመው አንጓ በአየር የተነፋ ስለሆነ ይንሳፈፋል። ከእናቲቱ በሚወጣ ቀጭን ሐረግ ልጆች ያበቅላል፤ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ በእጥፍ ይጨምራል። ሐምራዊ አበባው ዘር ያፈራል፣ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ለብዙ ዓመት ሳይሞት ይቆያል፤ ሐይቁ ሸሽቶ ፀሐይ ሲያገኘው ይበቅላል። እንደ ምንጣፍ ሲገጥም ብርሃን ይከለክላል፣ ከሥሩ ያለው ውሃ አየር ያጣል። ታንኳም መረብም አያልፍበትም።

በእጅ የሚነቀለው እንዴት እንደሆነ ብዙ ሰው የሚያውቅ ይመስለዋል። ንፋስ ወደ ዳር በሚነፍስበት ሰዓት፣ የሚጸዳው ቦታ መጀመሪያ በእንጨትና በገመድ ይታጠራል፤ ሳይታጠር የጸዳ ውሃ በማግስቱ ጠዋት ከጎን በመጣው ይሸፈናል። ተክሉ የሚያዘው ከቅጠሉ ሳይሆን ከሥሩ አናት ነው፤ ቅጠሉ ከተሳበ ሐረጉ ተበጥሶ ልጆቹ ውሃው ላይ ይቀራሉ። የተነቀለው በታንኳ ወይም በመረብ ተጎትቶ ይወጣና ከአምናው የውሃ ልክ በላይ ይጣላል፤ የአምናው ልክ በዛፎቹ ግንድ ላይ የጭቃ ምልክቱን ትቷል። ከዚያ ይዘረጋል እንጂ አይከመርም። ከክብደቱ ዘጠና በመቶ ያህሉ ውሃ በመሆኑ ስስ ሆኖ የተሰጣ ቶሎ ይከሳል፤ የተከመረው ግን ላዩ ደርቆ ውስጡ ለምለም ይሆናል። ሲደርቅ ይቃጠላል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ያንኑ ቦታ ተመልሶ ትናንሾቹን መልቀም ይቀራል፤ የሚዘለለው ደግሞ ሁሌም ይህኛው ሥራ ነው።

ዘመቻዎች የሚከሽፉት እዚህ ላይ ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ሰፊ ዘመቻ ብዙ ሰው አሰልፎ ብዙ ቦታ አጽድቷል፤ ነገር ግን ዳር ላይ ተከምሮ የሚተው እምቦጭ በቀጣዩ ክረምት ጎርፍ ተመልሶ ይገባል፣ አበባው ከደረሰ በኋላ የተነቀለውም ዘሩን እያራገፈ ይወጣል። ከእምቦጩ ጋር ደንገልና ፊላ አብሮ መንቀልም ትልቅ ጉዳት ነው፤ ባዶ የቀረውን ዳር ቀድሞ የሚይዘው እምቦጩ ራሱ ነውና። ማሽን ጥልቅ ውሃ ላይ ይረዳል፣ በጣም ጥልቀት በሌለው ዳር ግን አይገባም። ኒዮኬቲና የተባሉት ጢንዚዛዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ እምቦጩን ቀንሰዋል፤ የሚሠሩት ግን በወር ሳይሆን በዓመታት ነው፣ በየጊዜው የሚነቀልበት ቦታ ላይም አይረቡም፤ የሚበሉት ተክል አብሮ ይነቀልባቸዋል።

መንቀል ለሚፈልግ ተጓዥ፦ ያለ ቦት ጫማና ጓንት ውሃው ውስጥ አይገባም። ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ እምቦጭና ሣር ሥር ይኖራል፤ በሽታው በጎርጎራ አካባቢ የታወቀ ነው። ውሃ የነካው ሰው ከሳምንታት በኋላ ሰገራውን ያስመርምር፤ መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው። ከመገጭ አፍ ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ የሞተሩን ፕሮፔለር፣ የጀልባውን ሥር፣ ገመዱንና ጫማችሁን አይታችሁ የተጣበቀውን ቅጠል ሁሉ በጆንያ ሰብስቡ። ለአዲስ ወደብ አንዲት ልጅ ተክል ትበቃለች።

አራተኛው ቀን፦ ዓሣው የሚወጣበት

ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ማታ ጥለው ጠዋት ያወጣሉ፤ ስለዚህ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ዳር ላይ መገኘት ነው። ሦስት ዓይነት ዓሣ ይወጣል። ጠፍጣፋው ቆሮሶ ነው። አምባዛው ቅርፊት የለውም፣ ጺም አለው። ነጭ ዓሣ የሚባለው ግን አንድ ዓሣ አይደለም፤ ላቤኦባርበስ የተባለው ወገን ሆኖ ከ15 የሚበልጡ፣ አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም የትም የሌሉ ዝርያዎችን ይዟል። ጢስ እሳት ፏፏቴ ከታች ያለውን ዓሣ ወደ ላይ ስለማያሳልፍ እዚህ ለብቻቸው ተለይተው ቀሩ። አፋቸውን አይታችሁ መለየት ትችላላችሁ፦ ወደ ታች የዞረ አፍ ያለው ከጭቃ ይለቅማል፣ ሰፊና ወደ ፊት የወጣ አፍ ያለው ሌላ ዓሣ ያድናል። ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ ሐይቅ ላይ የነበረው ተመሳሳይ ቤተሰብ ከጠፋ ወዲህ በዓለም የቀረው የዚህ ዓይነት ይኸው የጣናው ነው።

በሞተር ጀልባና በናይሎን መረብ ማጥመድ ጣና ላይ የገባው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2001 ባለው ጊዜ የነጭ ዓሣው ብዛት በክብደት 75 በመቶ፣ ትናንሾቹ ደግሞ 90 በመቶ ቀነሱ። ይህን ያመጣው ሐይቁ መካከል የሚጠመደው ሳይሆን በሐምሌና በነሐሴ በወንዝ አፍ የሚዘረጋው መረብ ነው፤ እንቁላል የያዘውን መንጋ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ያገኘዋል። ወንዝ ውስጥ የብርብራ ፍሬ ፈጭቶ መበተንም አለ፤ ትልቁን ከትንሹ ሳይለይ ያሰክራል። ቆሮሶ በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው፦ እናቲቱ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ታሳድጋለች፣ ወንዝም አትወጣም። እርሷን የሚጎዳት የዳርቻው ሣርና ደንገል መጥፋት ነው።

መረብ ሲለካ ማስመሪያው ይወጣል። ዓይኑ ተወጥሮ ከቋጠሮ እስከ ተቃራኒ ቋጠሮ ያለው ርቀት ይወሰዳል፤ አንዱን ብቻ ከመለካት አሥር ተከታታይ ዓይኖችን አብሮ ወጥሮ ለአሥር ማካፈል ስህተቱን ይቀንሳል። ጣና ላይ 10 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነው ትልቁን ዓሣ ይይዛል፤ ከ8 በታች የሆነው ገና ያልወለደውን ይጠርጋል። ከአንድ ወጥ ክር የሚሠራው ስስ መረብ ርካሽ ነው፣ ውሃ ውስጥ አይታይም፤ ሲበጠስ እዚያው ተጥሎ ለብዙ ጊዜ ብቻውን ሲያጠምድ ይኖራል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቶ ሕጉ አለ። ዳር ላይ ማስመሪያ ይዞ የሚቆም ሰው ግን እምብዛም አይታይም።

ገዢውም ድርሻ አለው። ጾም ሲገባ የዓሣ ፍላጎት ይጨምራል፤ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን የሚሄደው ቋንጣ ደግሞ ወቅት አይመርጥም። በነሐሴ ጎንደር ገበያ ላይ ሆዱ በእንቁላል የተነፋ ነጭ ዓሣ ከቀረበላችሁ ከወንዝ አፍ የተያዘ መሆኑን ገምቱ፤ በዚያ ወር ቆሮሶ መግዛት ይሻላል።

አምስተኛውና ስድስተኛው ቀን፦ ፎገራ

ከጎርጎራ ወደ አዘዞ ተመልሶ በእንፍራንዝና በአዲስ ዘመን ወረታ መድረስ ቀኑን ይጨርሳል፤ ከጎንደር ወረታ ብቻውን 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አዳሩ ወረታ።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ሸሸርና ወለላ የሚባሉት ረግረጎች ዳር መቆም ያስፈልጋል። ክረምት ላይ ርብ ሲሞላ ሜዳው ይጥለቀለቃል፤ አምባዛ በዚያ ጎርፍ ገብቶ ይራባል፣ ጫጩቶቹም ውሃው ሳይሸሽ ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ። ዛሬ ብዙው ክፍል በቦይ ተፋስሶ፣ የቀረውም በሞተር ተስቦ ለሩዝና ለሽንኩርት ውሏል። ሩዙን መውቀስ ቀላል ነው፤ ግን ውሃ ያጥለቀለቀው ሜዳ ላይ የሚበቅል ሰብል ለረግረግ ከሽንኩርት ይሻለዋል። ጉዳቱ የሚጀምረው በበጋ፣ ኩሬው የመጨረሻ ውሃውን በሞተር ሲሰጥ ነው። መንደሩ ተስማምቶ ከኩሬው መካከል የማይሳብ ልክ በእንጨት ምልክት ቢያስቀምጥ፣ አምባዛውም ወፉም እስከ ክረምት የሚቆይበት ያገኛል።

ከኅዳር እስከ የካቲት ከአውሮፓና ከሩሲያ የሚወርዱት ክሬን የተባሉ ባለ ረጅም እግር ወፎች በሺዎች ሆነው እዚህ ያድራሉ፤ ቀን ማሳ ውስጥ የወደቀ እህል ይለቅማሉ፣ ማታ ጥልቀት በሌለው ውሃ ቆመው ይተኛሉ። ማደሪያቸውን ከ300 ሜትር ባላነሰ ርቀት፣ ፀሐይን ከጀርባ አድርጎ ማየት ይበቃል። ተነስተው ከበረሩ ቀርባችኋል ማለት ነው። ባለ ዘውዱ ክሬን ግን የአገሩ ነዋሪ ነው፤ በክረምት በሣሩ መካከል ስለሚፈለፍል በዚያ ጊዜ ረግረጉ ውስጥ በእግር መግባት አይገባም።

ከረግረጉ ወደ ላይ የርብ ግድብ አለ። ለመስኖ የቆመ ነው፤ ወንዙን ወጥቶ ለሚራባው ነጭ ዓሣ ግን የላይኛውን መንገድ ዘግቶበታል። ስለዚህ ከግድቡ በታች የቀሩት ገባሮችና የጠጠር አልጋዎች ዋጋቸው ጨምሯል።

ዓሣው ወንዝ ሲወጣ ማየት የፈለገ በነሐሴ መጨረሻ ይምጣ። የደንቢያ የገጠር መንገድ በዚያ ወር ስለማያሳልፍ ከአዘዞ በላይ ባሉት የመገጭ ገባሮች መቆየት ይሻላል። ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ጠዋት፣ ውሃው በጠራበት ሰዓት፣ ከዳር ሆኖ ማየት ነው፤ ወንዙን በእግር መሻገር ጠጠሩ ውስጥ ያለውን እንቁላል ይረግጣል።